መሸኛ የሌላቸው መንገደኞች



በቢላም ሆነ በነቀምቴ፣ በጊምቢም ሆነ በነጆ አንድ እንግዳ ሰው ወደ አጥቢያችን ሲመጣ ሁለት ጥያቄዎች ይጠብቁታል። የመጀመሪያውን የሚጠይቁት ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ «የማን ልጅ ነህ? ጎሳህስ?» ይሉታል። ሁለተኛው የሚመጣው ከቤተ ክርስቲያን ጽሕፈት ቤት ነው፤ «መሸኛ ይዘሃል?» ሁለቱም ክፉ ጥያቄዎች አይደሉም። ሕዝባችን የዘር ሐረጉን በቃሉ ይዞ የኖረ ሕዝብ ነው፤ ማን ከማን ጋር እንደሚጋባና እንደማይጋባ የሚያውቀውም በዚህ ነው። መሸኛውም መንጋውን ከአታላይ ይጠብቃል። ነገር ግን የወንጌልን ታሪክ በወለጋ ስንመረምር አንድ ነገር ያስገርመናል። ወንጌልን ወደዚህ ምድር ካመጡት ሰዎች ብዙዎቹ ለሁለቱም ጥያቄዎች በቂ መልስ አልነበራቸውም።

በዚህ ጽሑፍ ድህነት፣ ሥራና ስደት በታሪካችን ውስጥ እንዴት እንደተያያዙ እንመለከታለን። ዘመናቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጠናል።

አባ ገመችስ እየተባሉ የሚጠሩት ኦኔሲሞስ ነሲብ በ1856 ገደማ በኢሉባቦር ሑሩሙ አጠገብ ተወለዱ። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሂካ ነበር፤ ትርጉሙ አስተርጓሚ ማለት ነው። ወላጆቹ ይህን ስም ሲያወጡ ልጁ አንድ ቀን መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ እንደሚተረጉም ከቶ አላሰቡም። አባታቸው የሞቱባቸው ገና ሕፃን ሳሉ ነው። አባት የሌለው ልጅ በዚያ ዘመን ምን ማለት እንደ ነበረ ማስታወስ ያስፈልጋል፤ የሚሟገትለት፣ ጦር ይዞ የሚከተልለት፣ ካሣ የሚጠይቅለት ሰው የለውም ማለት ነው። ድህነት ሲባል የእህል ማጣት ብቻ ይመስለናል። በዚያ ዘመን ግን ከእህል ማጣት የከፋው ድህነት ሰው ማጣት ነበር። ሂካ ተሰረቀ፤ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ስምንት ጊዜ ያህል ተሸጠ፤ በመጨረሻም ምጽዋ ወደብ ደረሰ።

የባሪያው መንገድ የንግድ መንገድ ነበር። ወርቁ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ዝባዱና ቡናው ከምዕራብና ከጊቤ አገሮች ተነሥቶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ በጎጃም በባሶ ገበያ አልፎ ወደ ሰሜን ሲጓዝ ሰውም አብሮ ይጓዝ ነበር። በየገበያው ዋጋው ይጨምራል፤ በየኬላው ቀረጥ ይከፈልበታል። ስለዚህ ከአንድ ልጅ መሸጥ የሚጠቀሙት ብዙ ነበሩ፤ የሰረቀው፣ ያጓጓዘው፣ ቀረጥ የተቀበለው፣ የገዛው። ይህን ስንጽፍ ጣታችንን ወደ ሩቅ አገር ነጋዴ ብቻ ብንቀስር እውነቱን እናጎድላለን። የራሳችን ባላባቶችና ባለጸጎችም ባሪያ ነበራቸው። በኋላ የኦኔሲሞስ የሥራ ባልደረባ የሆነችው አስቴር ጋኖ በባርነት የተያዘችው በሊሙ እናርያ ንጉሥ እጅ ነው። በ1886 ወደ ዓረብ አገር ስትወሰድ የጣሊያን የባሕር ኃይል መርከቢቱን ይዞ ነጻ አወጣት።

ሂካን በ1870 በምጽዋ ገዝቶ ነጻ ያወጣው ቨርነር ሙንዚንገር የተባለ የስዊዘርላንድ ተወላጅ ነው። ልጁ በምጽዋ አጠገብ ለነበሩት የስዊድን ሚስዮናውያን ተሰጠ። በ1872 በትንሣኤ በዓል ቀን ሲጠመቅ ኦኔሲሞስ ተባለ። ስሙ ከፊልሞና መልእክት የተወሰደ ነው፤ ያም ኦኔሲሞስ ከጌታው ቤት የኮበለለ ባሪያ ነበር።

ወገኖች ሆይ፣ የፊልሞናን መልእክት አንድ ጊዜ በዚህ ዓይን እንድታነቡት እንጋብዛችኋለን። መሸኛ ደብዳቤ ነው። ጳውሎስ ከእስር ቤት ሆኖ፣ ዘመድና ገንዘብ የሌለውን መንገደኛ ሲልክ፣ እንደ እኔ አድርገህ ተቀበለው ይላል፤ ዕዳ ካለበትም በራሱ እጅ ጽፎ ዋስ ይሆናል (ፊልሞና 17–19)። በዘመናችን ቢሮ የሚጻፈው መሸኛ የሰውየውን መልካም ጠባይ ይመሰክራል። ጳውሎስ ግን የመሰከረው ሰውየው እንዳጠፋ ሳይሸሽግ ነው።

ታዲያ እነዚህን ነጻ የወጡ ልጆች የተቀበሉት ስዊድናውያን እነማን ነበሩ? በልጅነታችን የነገሩን ፈረንጆች ሀብታሞች እንደሆኑና ከሀብታቸው እንደላኩልን ነው። ይህ ለዚያ ዘመን አይሠራም። የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን በ1856 ተመሠረተ፤ የመጀመሪያዎቹ መልእክተኞቹ ምጽዋ የደረሱት በ1866 ነው። ወደ ኦሮሞ ሕዝብ ለመድረስ አስበው የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ መንገዱ ግን ተዘጋባቸው፤ ብዙዎቹንም ወባና ሌላ በሽታ ቀጠፋቸው። እነርሱ እዚህ ሲሞቱ በአገራቸው ደግሞ ረሃብ ገባ። በ1867 ክረምቱ እስከ በጋው ዘለቀ፣ አዝመራው ጠፋ፤ እስከ 1869 ድረስ ስዊድናውያን ከዛፍ ልጣጭ ጋር የተቀላቀለ ዳቦ የበሉበት ዘመን ሆነ። ከዚያ በኋላ የሕዝቡ ፍልሰት እንደ ጎርፍ ነበር። ከ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ እስከ 1930 ባለው ጊዜ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ስዊድናውያን አገራቸውን ጥለው ወደ ሰሜን አሜሪካ ሄደዋል። በረሃቡ ዘመን የአገሪቱ ሕዝብ በጠቅላላ ወደ አራት ሚሊዮን ገደማ እንደ ነበር ስናስብ የነገሩ ክብደት ይገባናል።

በሀገር የቀረው ድኻም ኑሮው ቀላል አልነበረም። መሬት የሌለው ባለትዳር ሠራተኛ በትልልቅ እርሻዎች ላይ ተቀጥሮ ደመወዙን በብዛት በእህልና በወተት ይቀበል ነበር፤ በየዓመቱ በጥቅምት ወር ልጆቹንና ዕቃውን በጋሪ ጭኖ ወደ ሌላ ጌታ የሚሄደው ብዙ ነበር። ቀጣሪ የሌለው ሰው እስከ 1885 ድረስ በሕግ ይጠየቅ ነበር። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን የድኾች ጨረታ ነው። ወላጅ አልባ ልጅ ወይም ጧሪ የሌለው ሽማግሌ በአጥቢያው ሰዎች ፊት ይቀርባል፤ እርሱን ለማኖር ከአጥቢያው ትንሹን ክፍያ የጠየቀ ሰው ይወስደዋል። አነስተኛ ዋጋ የሰጠ አሸናፊ ሲሆን ልጁ ምን እንደሚበላ መገመት አያዳግትም። ይህ ልማድ በሕግ የተከለከለው በ1918 ነው።

ይህ ከባርነት ጋር አንድ ነው አንልም፤ አይደለምም። በጨረታ የተወሰደው የስዊድን ልጅ ሲያድግ ነጻ ሰው ነበር። ነገር ግን ሂካ በገበያ ላይ ቆሞ ዋጋው በሚነገርበት በዚያው ዘመን፣ በስዊድን ገጠርም ልጆች በሰው ፊት ቆመው ዋጋቸው ይነገር ነበር። ለሚስዮኑ ሳንቲም ያዋጡት የገጠር አማኞች ይህን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ናቸው። ጎረቤቶቻቸው «አንባቢዎቹ» እያሉ ያሾፉባቸው ነበር፤ በየቤቱ ተሰብስበው መጽሐፍ ስለሚያነቡ ነው። የተሸጠ ልጅ ታሪክ ሲነገራቸው የገባቸው ርኅራኄን ከመጽሐፍ ብቻ ስለተማሩ አይመስለንም።

እዚህ ላይ ጥቂት ወደ ኋላ መሄድ ይኖርብናል፤ ምክንያቱም ድኻንና መንገደኛን ምን እናድርግ የሚለው ጥያቄ በተሐድሶው አብያተ ክርስቲያናት ከመጀመሪያው ጀምሮ የነበረ ነው። ማርቲን ሉተር በ1520 ለጀርመን መሳፍንት በጻፈው መጽሐፍ፣ በክርስቲያኖች መካከል ልመና ሊኖር አይገባም፤ እያንዳንዱ ከተማ የራሱን ድኾች ይርዳ ብሎ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ላይስኒግ የምትባል ትንሽ ከተማ ይህን በተግባር ለማዋል የጋራ ሣጥን አቋቋመች፤ ሉተርም ለደንቡ መቅድም ጻፈለት። ሣጥኑ አራት የተለያዩ ቁልፎች ነበሩት። አንዱ በመኳንንቱ፣ አንዱ በከተማው ምክር ቤት፣ አንዱ በከተማው ነዋሪዎች፣ አንዱ በገጠሩ ገበሬዎች እጅ ይቀመጣል፤ አራቱ ካልተገኙ ሣጥኑ አይከፈትም። በእኛ አጥቢያዎች ገንዘብ ያዡ፣ ሒሳብ ሹሙና ሰብሳቢው አብረው ሲፈርሙ የምናየው ነገር ታናሽ ወንድም ነው። ከሣጥኑ አስተማሪ ይከፈል ነበር፤ ሽማግሌዎችና ሕመምተኞች ይረዱ ነበር፤ የከሰረ ባለ ሙያ ሥራውን እንዲቀጥል ብድር ያገኝ ነበር።

ደንቡ ልመናን ከለከለ፤ መሥራት እየቻለ የሚለምን ሰው በዚያ ሰበካ አይቆይም። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ይህ ክፍል ነው። ነገር ግን ደንቡ ስለ አዲስ መጤዎችም ለብቻው አንቀጽ አለው። ከሌላ አገር መጥቶ በመካከላቸው በእጁ ሥራ ሊኖር የሚፈልግ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ በጉባኤው ዘንድ ከታመነ፣ በብድርም በስጦታም ይታገዛል። ያ አንቀጽ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ሰውየው የሚመዘነው በሥራ ፈቃዱና አብረውት በሚኖሩት ምስክርነት ነው። ላይስኒግ ራሷ እንኳ ይህን ሁሉ በቀላሉ አልፈጸመችም፤ የከተማው ምክር ቤት ለሣጥኑ የተመደበውን ሀብት አላስረክብም ብሎ ሉተርን ብዙ አድክሞታል። በገንዘብ ላይ ያለ ጠብ ትናንት በእኛ አልተጀመረም።

በጄኔቫም ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ከፈረንሳይ በስደት የሚመጡት አማኞች እየበዙ በ1550ዎቹ የከተማይቱ ሕዝብ እጥፍ ወደ መሆን ተጠጋ። ለእነርሱ የተቋቋመውን የስደተኞች ገንዘብ የያዙት ዲያቆናት እንጀራ ከማደል በላይ ለባለ ሙያው መሣሪያ ይገዙ፣ ለልጆቹ ሙያ መማሪያ ይከፍሉ ነበር። በእንግሊዝ አገር ግን ከጊዜ በኋላ ሌላኛው መንፈስ አሸነፈ። በ1601 በወጣው ሕግ እያንዳንዱ አጥቢያ የራሱን ድኾች እንዲረዳ ታዘዘ፤ መልካም ነው። በ1662 በወጣው ሕግ ደግሞ ድኻ መስሎ የታየ እንግዳ በ40 ቀን ውስጥ ወደ መጣበት አጥቢያ እንዲመለስ ተፈቀደ። ሥራ ፈልጎ መንቀሳቀስ የሚሻ ድኻ ከ1697 ጀምሮ ከአጥቢያው የምስክር ወረቀት ይዞ መጓዝ ነበረበት፤ «ይህ ሰው የእኛ ነው፣ ቢቸገር መልሰን እንቀበለዋለን» የሚል። መሸኛ ማለት ነው። መሸኛ ሰውን ወደ ፊት የሚያደርስ መሆኑ ቀርቶ ወደ ኋላ የሚመልስ ወረቀት ሆነ።

ወደ ወለጋ እንመለስ። ኦኔሲሞስ በስዊድን ተምረው ከተመለሱ በኋላ በ1880ዎቹ ወደ አገራቸው ለመድረስ ደጋግመው ሞከሩ፤ በሱዳን በኩል የሞከሩት ጉዞ አልሆነም፤ በሌላ በኩልም መንገድ አጡ። ስለዚህ በምኩሉ ተቀምጠው ተረጎሙ። አዲስ ኪዳን በ1893፣ መጽሐፍ ቅዱስ በሙሉ በ1899 በአፋን ኦሮሞ ታተመ። አስቴር ጋኖ ወደ 15,000 የሚጠጉ ቃላትን ሰብስባ አዘጋጀች፤ 500 ያህል ተረቶች፣ ምሳሌያዊ ንግግሮችና ዘፈኖችን ከትዝታዋ ጻፈች። በልጅነቷ ከእናቷ አገር የተነጠቀች ሴት የእናቷን ቋንቋ በአእምሮዋ ይዛ ባሕር ዳርቻ ድረስ አድርሳዋለች። ምንም ሳይኖረው የሚሰደድ ሰው አለ ስንል ይህችን ሴት እናስታውስ።

ቦጂን በተመለከተ የመጀመሪያው እንግዳ ከሐማሴን የመጣ ነው። ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ዘሚካኤል የጸአዘጋ ሰው፣ የኦርቶዶክስ ቄስ ነበሩ፤ በጸአዘጋ መጽሐፍ ቅዱስን በማንበባቸው ከተሰደዱት ካህናት ወገን ናቸው። በ1898 ገደማ ወደ ቦጂ ከርከሮ ሲመጡ የአካባቢው ገዥ ተቀበላቸው፤ በዚያው በነበረው ቤተ ክርስቲያን እያገለገሉ በምኩሉ የታተመውን የኦሮሞ አዲስ ኪዳን ለሕዝቡ በቋንቋው አነበቡለት። ከእርሳቸው ጋር የነበረው ዳንኤል ደበላ ደግሞ ከባርነት ነጻ ከወጡት አንዱ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ የእኛን ቋንቋ በእንግድነት የተማሩ ትግርኛ ተናጋሪ ቄስና፣ ተሸጦ የነበረ ሰው። ቦጂ «የማን ልጅ ናችሁ» ብሎ ብቻ ቢለያቸው ኖሮ ታሪካችን ሌላ ይሆን ነበር። ደግነቱ የኦሮሞ ሕዝብ ሞጋሳ የሚባል ሥርዓት አለው፤ እንግዳን ወደ ጎሳ አስገብቶ ወንድም የሚያደርግ። ጉዲፈቻም አለ። ሰው የሌለውን ሰው ማድረግ ለሕዝባችን አዲስ ትምህርት አልነበረም፤ ወንጌል ሲመጣ በዚህ በኩል በሩ ገርበብ ብሎ ጠብቆታል። ገብረ ኤዎስጣቴዎስ በ1905 ሞቱ። በእሳት ከተያያዘ ቤት ሰው ለማዳን ሲገቡ ነው የሞቱት።

ኦኔሲሞስ፣ አስቴርና ጓደኞቻቸው በ1904 ነቀምቴ ደረሱ። የነቀምቴው ገዥ ደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ ተቀበሏቸው። ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ተቃውሞውም ወዲያው ተከተለ፤ በ1906 ኦኔሲሞስ አዲስ አበባ ተከሰው ቀረቡ፤ ለዓመታትም እንዳያስተምሩ ተከለከሉ። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ ስለተጻፈ አንደግመውም። እኛን የሚያሳስበን ከዚያ ትምህርት ቤት ጋር የመጣው የሥራ ጉዳይ ነው።

በአገራችን ድህነትን ካጠነከሩት ነገሮች አንዱ ሥራን መናቅ ነው። ብረት የሚቀጠቅጠው ቱምቱ፣ ቆዳ የሚፍቀው ፋቂ፣ ሸክላ የምትሠራዋ ሴት ለሕዝቡ ማረሻና ድስት እያቀረቡ ከሕዝቡ ጋር በአንድ ገበታ አይቀመጡም ነበር፤ ልጃቸውንም የሚያገባ አልነበረም። ማረሻው ይፈለጋል፤ የሠራው እጅ ይናቃል። ሉተር በዘመኑ የጫማ ሰፊውንና የገበሬውን ሥራ ከመነኩሴው ጸሎት ጋር እኩል ጥሪ ብሎ ሲጠራው ያፈረሰው እንዲህ ያለውን ግድግዳ ነው። ጳውሎስም ድንኳን ሰፊ ነበር። ኤፌሶን 4፥28ን ብናነብ የሰረቀ በእጁ ይሥራ የሚለው ትእዛዝ ሰውየው ራሱን እንዲችል ብቻ አይደለም፤ ለሌላው የሚያካፍለው እንዲኖረው ነው። እውነቱን ለመናገር ግን በአብያተ ክርስቲያናችን የቱምቱው ልጅ ከሌላው ጋር አንድ የቅዱስ ቁርባን ጽዋ መጠጣቱ ከጋብቻው ቀድሟል። በአንዳንድ ቦታ ጋብቻው እስከ ዛሬ አልደረሰም።

ከቦጂ ትምህርት ቤት የወጡትን ስናይ ግን ተስፋ እናገኛለን። አቶ ኣማኑኤል አብርሃም በቦጂ ተምረው፣ የመኪና መንገድ ባልነበረበት ዘመን ወደ አዲስ አበባ ተጉዘው በ1925 ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ገቡ። ከነቀምቴ ብቻ ቢቆጠር መንገዱ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ትምህርት ፍለጋ መሰደድ ማለት ያኔ ይህ ነበር። በኋላ አምባሳደርና ሚኒስትር፣ ከ1963 ጀምሮም የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ቄስ ጉዲና ቱምሳም በ1929 የተወለዱት በቦጂ ነው። መድረክ ላይ ከመቆማቸው በፊት በነቀምቴ ሆስፒታል ድሬሰር ነበሩ፤ ቁስል ያጥቡ፣ ለሐኪሙ ያስተረጉሙ ነበር። በ1972 ዋና ጸሐፊ ሆነው ሳለ ቤተ ክርስቲያኒቱ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የላከችው ደብዳቤ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፤ የምዕራብ ለጋሾች ለትምህርት ቤትና ለሆስፒታል ይሰጣሉ፣ ለወንጌል ስብከት ግን እጃቸውን ይሰበስባሉ፤ ይህ አንዱን ሰው ለሁለት መክፈል ነው። ቁስል ያጠበ ሰው የጻፈው ደብዳቤ እንደሆነ አንርሳ፤ ሥጋን ንቆ ነፍስን ብቻ ያስቀደመ አልነበረም። ቄስ ጉዲና በሐምሌ 1979 ታፍነው ተወስደው ተገደሉ።

ከዚያም ወለጋ ራሷ የስደተኛ ማረፊያ ሆነች። በ1984ቱ ረሃብ ምክንያት መንግሥት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ 600,000 የሚጠጋ ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አሰፈረ፤ ከዚህም ብዙው የደረሰው ወለጋ ነው፤ አሶሳ፣ አንገር ጉትን፣ ጃርሶ፣ ቄቶ። አንዳንዱ በፈቃዱ መጣ፤ አንዳንዱ ተገዶ፤ አንዳንዱ ከባለቤቱና ከልጆቹ ተነጥሎ። ከደጋ የመጣ ሰው ቆላ ሲወርድ ወባው አላሳለፈውም። የአካባቢው ገበሬም በግዳጅ ጎጆ እንዲሠራና እህል እንዲያዋጣ ታዘዘ፤ ደኑና ግጦሹም ተወሰደበት። ሁለቱም ተበዳዮች ነበሩ፤ ሁለቱም በዳያቸውን ማየት ስላልቻሉ እርስ በርስ ተያዩ። ያን ጊዜ የእኛ አጥቢያዎች ብዙዎቹ በደርግ ተዘግተው ነበር። ቢሆንም በሌሊት በየቤቱ ይጸልዩ ከነበሩት መካከል ከሰፋሪው ጋር ጨውና ዘር የተካፈሉ እንደ ነበሩ ሽማግሌዎች ይነግሩናል። ያ ቂምና ያ ደግነት ሁለቱም እስከ ዛሬ በመካከላችን አሉ፤ ባለፉት ዓመታት በሰላም መታጣት ከየወገኑ ስንት ቤተሰብ ከቀየው እንደተፈናቀለ የማያውቅ የለም።

ዛሬ ልጆቻችን ይሄዳሉ። አዲስ አበባ ለቀን ሥራ፣ ዓረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት፣ በየወንዙ ለወርቅ ቁፋሮ። በሄዱበት የሚገጥማቸው ያው ጥያቄ ነው፤ የማን ልጅ ነህ፣ መሸኛህስ? በአንጻሩ ወደ ከተሞቻችን ለቡና ለቀማና ለግንባታ የሚመጡ አሉ፤ ገበያ ዳር በደቦቃ ቤት ተደራርበው ያድራሉ። ዘዳግም 24፥14–15 የቀን ሠራተኛው፣ ከወገንህ ቢሆን ወይም መጻተኛ ቢሆን፣ ደመወዙን ፀሐይ ሳትጠልቅ እንድትሰጠው ያዝዛል። በዚያ ቃል ወገንና መጻተኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ በአንድ የክፍያ ቀን ተቀምጠዋል። እሑድ ጠዋት አብረውን የሚያመልኩ አሠሪዎች በዚህ ጉዳይ ራሳቸውን ይጠይቁ፤ ቅዳሜ ማታ ያልተከፈለ ሰው እሑድ ምሳውን ከየት ያመጣል?

በአጥቢያችንም አንድ ያልተቋጨ ጉዳይ አለ። የተራድኦ ሣጥናችን ደንብ ርዳታ የሚሰጠው መሸኛ አስገብቶ ለተመዘገበ አባል ብቻ ነው ይላል። ባለፈው የለቀማ ወቅት አንድ ወጣት የቀን ሠራተኛ ከዛፍ ወድቆ እጁ ተሰበረ፤ በጉባኤያችን ለወራት ያመለከ ነበር፤ መሸኛ ግን አልነበረውም፤ ምክንያቱም የመጣበት ቀበሌ ሕዝቡ ስለተበተነ የሚጽፍለት ጽሕፈት ቤት የለም። ደንቡን ያወጡት ሽማግሌዎች ክፉዎች አይደሉም፤ ሣጥኑ ትንሽ ነው፤ ከዚህ በፊት በሐሰት ታሪክ ገንዘብ የወሰዱ ነበሩ። ሕክምናውን ጥቂት ወንድሞች ከኪሳቸው ሸፈኑለት እንጂ ከሣጥኑ አንድ ብር አልወጣም።

አሁን ያቀረብነው ሐሳብ የላይስኒጉን አንቀጽ ይመስላል። መሸኛ ማምጣት ለማይችል ሠራተኛ፣ አብረውት የሚሠሩ ሁለት ሰዎች ቢመሰክሩለት በቂ ይሁን፤ አንዱ ምስክር ከአባላት፣ ሌላው ከቀን ሠራተኞቹ ራሳቸው። ለመሣሪያ ወይም ለሕክምና የሚሰጠው ገንዘብ የሚችለው በብድር፣ የማይችለው በስጦታ ይሁን። ከሣጥኑ ቁልፎች አንዱም ገበያ ዳር ከሚኖሩት አባላት በአንዱ እጅ ይቀመጥ። የሽማግሌዎች ጉባኤ ጉዳዩን ይዞታል። ለቀማው በጥቅምት ስለሚጀምር ከዚያ በፊት ውሳኔ እንዲሰጥበት ጠይቀናል።